ብዙ የተነዳ አሮጌ ፒክአፕ ምን ያወጣል? ምን ያስወጣል?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም አመጣለሁ፤ ወቅቱ ሲደርስ ማሾም እጭናለሁ። እንጀራዬ የቆመው በአንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2001 ሞዴል፣ ደብል ጋቢና፣ 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው። ስገዛው ቆጣሪው 380 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቁት ፈጣሪና የመጀመሪያው ሹፌር ናቸው።

ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሮጌ ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ጣጣው ይቅርብኝ?» መልሴ «ግዙ» ነው። ነገር ግን ዋጋ ለማስቀነስ የምትደክሙትን ያህል፣ ሰፈራችሁ ያለው መካኒክ የትኛውን ሞተር ፈቶ መግጠም እንደሚችል ለማጣራትም ድከሙ። አሮጌ መኪና መበላሸቱ አይቀርም። ሰውን የሚያከስረው ብልሽቱ ብቻ አይደለም። መኪናው ጋራዥ ቆሞ በሚውልበት ቀን ሽንኩርቱም ማሳ ላይ ይበሰብሳል።

ወደ አሮጌ መኪና የምንሄደው ወደን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የመለዋወጫ ሱቆችም ዋጋ መለጠፍ ተዉ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሃይሉክስ በዚህ መሀል ተወደደ። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ባለቤቱ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት እኛ አገር ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ዋጋውን በብር ብጽፍላችሁ አንብባችሁ ሳትጨርሱት ያረጃል። እኔ የምቆጥረው በ«ዘይት ቅያሪ» ነው። አንድ ዘይት ቅያሪ ማለት ለ5ኤል ሞተር ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ ዘይት፣ አንድ የዘይት ፊልትሮና ለሠራተኛው የሻይ ነው። እናንተ ሰፈር ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቁና አባዙት። ግምቱ የኔ ነው፤ እንደ ጋራዡና እንደ ዕቃው ከፍ ዝቅ ይላል።

ቆጣሪውን ለጊዜው እርሱት። ቆጣሪ ይመለሳል። ደላላው «ሁለት መቶ ሺህ ብቻ ነው የነዳው» ሲላችሁ ዓይናችሁን ወደ ፍሪሲዮን ፔዳሉ አውርዱ። የፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ ወሬው ሌላ ነው። ሁሉ ነገር አርጅቶ የፔዳሉ ጎማ ብቻ አዲስ ከሆነም ያው ነው። የመሪውን ቆዳ እጅ የሚያርፍበት ላይ ዳስሱት፤ ለስልሶ የሚያበራ ከሆነ ብዙ ተይዟል። የሹፌሩን በር ክፈቱት። ወደ ታች ዝቅ ካለና ከፍ አድርጋችሁ ካልገፋችሁት የማይዘጋ ከሆነ፣ ያ በር ለቁጥር የሚታክት ጊዜ ተከፍቷል። ቆጣሪ የሚመልስ ሰው የበር ማጠፊያ ለመቀየር አይደክምም።

ከቆጣሪው በላይ የሚጠቅመው ማን እጅ እንደነበረ ማወቅ ነው። ከዕርዳታ ድርጅት የወጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ በሰዓቱ ተቀይሯል፤ የአገልግሎት መዝገብም ይኖረዋል። ግን ኮረኮንች ላይ ሲደበደብ ነው የኖረው። ሞተሩ ደህና፣ እግሩ ደካማ ነው ብላችሁ ጠብቁ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚወጣው ብዙ ሹፌር የተፈራረቀበት ነው፤ እንደ ዕድል ነው። ሦስተኛው ከነጋዴ የሚገዛው ነው። ከነጋዴ ባትገዙ ይሻላል። ይህን የምለው እኔው ነጋዴው ነኝ። ስምንት ኩንታል በሚችል መኪና ላይ አስራ ሁለት ሲጫን በየቀኑ አያለሁ።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቀረጡ መከፈሉን፣ ካልተከፈለም ማን እንደሚከፍለው አጣሩ። ጨረታ ላይ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት የነበረ ሰው የቀረጡን ሒሳብ ሲሰማ አመዱ ቡን ሲል አይቻለሁ።

መኪና የሚታየው በጠዋት ነው። ሻጩ «ስምንት ሰዓት ላይ ኑ» ካላችሁ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱ። መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ሳይነሳ እንድታዩት ጠይቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ ነገር ጥሩ ዳኛ ነው። 5ኤል በብርድ ለመነሳት ካንዴሌታው (ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ከውስጥ የሚያሞቀው) መሥራት አለበት፤ የሞተሩም ኮምፕረሽን ደህና መሆን አለበት። ካንዴሌታ ርካሽ ነው። ካንዴሌታው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ረጅም ጊዜ ካንከራተተው ግን ችግሩ ውስጥ ነው።

ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ አውጥቶ ወዲያው ከጠራ አትደንግጡ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አይታችሁ ናፍጣ ወደሚረጩት ወደ ኖዝልና ፖምፓ ሂዱ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱት። ክዳኑን ገልብጣችሁ አፉ ላይ እንዲሁ አስቀምጡት። እየተንቀጠቀጠ ቦታው ላይ ከቆየ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀና ከቀዳዳው ጭስ በትንፋሽ በትንፋሽ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ክዳኑን ስታዩት ከስሩ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል። ያን ጊዜ ለሻጩ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮን፣ የቶርኖ ቤትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ሞተር ማሠራት በኔ ሒሳብ ከ25 እስከ 40 ዘይት ቅያሪ ይፈጃል። ይህን ከዋጋው ላይ የሚቀንስላችሁ ሻጭ ካለ ግዙት። እኔ አግኝቼ አላውቅም።

ከሥር ግቡና ሻንሲውን፣ መኪናው የቆመበትን ብረት፣ እዩ። በተለይ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበትን አካባቢ። የተበየደ ሻንሲ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ማን እንደበየደውና ለምን እንደተሰነጠቀ ማወቅ አለባችሁ። መኪናው አቧራ ለብሶ ሻንሲው ብቻ ትናንት የተቀባ ጥቁር ቀለም ካለው ቀለሙ ሥር የተደበቀ ነገር አለ። አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ አስገብታችሁ ቆሻሻ መሬት ላይ ሞክሩት፤ ብዙ አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የፊቱ ከሞተ ቆይቷል። ባቲላሜራውን (የአካሉን ቆርቆሮ) በተመለከተ የተለጠፈበት ስቱኮ ብዙ ነው ትንሽ ነው ብዬ አልጨነቅም። ሽንኩርት ቀለም አያይም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አሮጌ 5ኤልን የሚገድለው ሙቀት ነው። የማመላልስበት መንገድ ደግሞ ሙቀት ለመሞከር የተሠራ ነው የሚመስለው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ የማልፈው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመሀሉ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚሠራው ባገኘው አየር ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። በወረቀት 100 ገደማ የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚያ ላይ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ተጭኖ ሲወጣ በሁለት ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ራዲያተሩን የሚመታው ንፋስ ግን የለም።

ሌላም ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ሽሮ ስትሠሩ የምታውቁት ነገር ነው። 3,000 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመኪና ውሃ እዚያ ሙቀት ላይ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያፍነው ነው። ክዳኑ ሞላው ከደከመ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ቆላ ላይ ምንም የማይል መኪና ጣርማ በር ላይ ይፈላል።

የኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ሆነ። ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ሲወጣ መለኪያው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ይፈላል። አንድ ጋራዥ ወስጄው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ ነው። ከነቶርኖ ቤቱ 5 ዘይት ቅያሪ ያህል ጠየቁኝ፤ «ሲወርድ የሚታይ ነገር ካለ ይጨመራል» የሚልም አለበት። ያቺ «ይጨመራል» የምትባለው ነገር ናት የምታስፈራው።

እዚሁ ከተማ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ መካኒክ አሉ። እሳቸው ጋ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ቴስታታው ይውረድ ተብያለሁ።»

«ውሃ ይበላል?»

«ሲፈላ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ አይጎድልም።»

«ታዲያ ምን አጣደፈህ ልጄ? ዛሬ እዚህ ይደር። ጠዋት ሳይነሳ አየዋለሁ።»

ጠዋት ስደርስ ክዳኑን አውጥተው በእጃቸው ይዘውታል። በአውራ ጣታቸው የውስጡን ጎማ ገፋ ሲያደርጉት ዙሪያውን የተሰነጠቀ መስመር ተከፈተ። ራዲያተሩን እስከ አፉ ውሃ ሞሉትና «አስነሳ» አሉኝ። ችቦ ባትሪያቸውን አብርተው ውሃው ላይ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። አረፋ የለም። ደህና ክዳን ገጥመው የላይኛውን ቱቦ በመዳፋቸው ጨመቁት፤ ለስላሳ ነው። ጓርኒሲዮን የበላ ሞተር ቢሆን ገና በብርዱ ቱቦው ይደድር ነበር፣ የሲሊንደሩ ግፊት ውሃው ውስጥ ስለሚገባ። «አጥፋው» አሉ። የራዲያተሩን ማራገቢያ በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ዝም ብሎ ብዙ ዞረ። ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያይዘው መሀሉ ያለው ዘይት ሄዷል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ማራገቢያው አብሮት አይጠነክርም። በመጨረሻ የውሃ ጎማ አምጥተው ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አጠቡት። ከቆላ የለቀምኩት ነፍሳት፣ የሳር ፍሬና አቧራ ጭቃ ሆኖ ወረደ።

አዲስ ክዳን፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ የማራገቢያ መያዣ፣ እጥበትና የእጅ ዋጋ። ሁሉም ተደምሮ 2 ዘይት ቅያሪ አልሞላም። ቴስታታው አልተነካም።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። አሮጌ ሞተር ሳያስፈልገው ሲከፈት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች ቴስታታቸው ከጋለ በቫልቮቹ መሀል የመሰንጠቅ አመል አላቸው። መውረድ ካለበት ደግሞ ሳይመረመር እንዳይመለስ። ቶርኖ ቤቱ ፊቱን ከማስተካከሉ በፊት ስንጥቅ እንዳለው በግፊት ይሞክርላችሁ። የተሰነጠቀ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ብር ማቃጠል ነው።

ከዚሁ ጋር፣ መካኒክ ሁሉ የሚወደው አንድ ምክር አለ፤ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው።» ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ነው። አትስሙት። በእንዲህ ዓይነት ብርድ አገር ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፤ ናፍጣ ይጠጣል፣ ቶሎም ያልቃል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ እንዲያውም ይብሳል። ቴርሞስታት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ተበላሽቶ ከሆነ ይቀየር።

መለኪያውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ መለኪያው የሚለካው ውሃ ስለሌለው ሰላም ነው ሊላችሁ ይችላል። መለኪያው ሰላም ነው እያለ ሞተሩ ይነድዳል። ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ኃይሉ ከወረደ ቁሙ። ሲፈላ ክዳን አትክፈቱ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ዳገት መሀል መለኪያው መውጣት ሲጀምር የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ተሳፋሪ ያማርራል፤ ያማርር።

ታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮቹንና ፒስተኖቹን በጊዜ የሚያስማማው ቀበቶ፣ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እንደ ሞዴሉ በ100 ወይም በ150 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አሮጌ መኪና ስትገዙ ሻጩ «ቅርብ ጊዜ ነው የቀየርኩት» ቢልም ቀይሩት። ዳሽቦርዱ ላይ ለቺንጋው የተሠራችው መብራት ብዙ ጊዜ አምፖሏ ተነቅሏል። ቺንጋና ኩሽኔታው ከነእጅ ዋጋው 2 ዘይት ቅያሪ ገደማ ነው። ሲበጠስ ግን ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መቁጠር አልፈልግም።

«ለምን ዲፎርዲ አልገዛህም?» የሚሉኝም አሉ። ዲፎርዲ (D-4D) የሚሉት ቱርቦ ያለውን አዲሱን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። 3,000 ሲሲው ዲፎርዲ ከ160 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቱርቦ ስላለው ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። የኔ ሃይሉክስ በሁለት እያቃሰተ ሲወጣ በአጠገቡ እንደ ሜዳ ያልፈዋል። አዲስ አበባ ብኖርና ሥራዬ አስፋልት ላይ ቢሆን እሱኑ እገዛ ነበር። ችግሩ ኪሎ ሜትሩ ሲገፋ ነው። ኢንጄክተሩ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው፤ ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይወድም። አራት አዲስ ኦርጅናል ኢንጄክተር የኔን ሞተር ሙሉ በሙሉ ከማሠራት ጋር ይቀራረባል፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

ዲፎርዲ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከኢንጄክተሩ ሥር የምትገባ የመዳብ ቀለበት አለች። እሷ ስትደክም የቃጠሎው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ጥላሸቱ ካርተር (ከሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ይጠራቀምና የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ይዘጋዋል። ዘይት አለ፣ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ሞተሩ ያለማስጠንቀቂያ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ ስትገዙ ቀለበቶቹን አስቀይሩ፣ ካርተሩንም አስወርዳችሁ ወንፊቱን እዩ። ጥቂት ዘይት ቅያሪ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሞተር ያተርፋል።

5ኤል ኮምፒዩተር አያውቅም። ሸዋ ሮቢት ጥላ ሥር የሚሠራ ልጅ በኪያቤና በካቻቢቴ ይፈታዋል። የናፍጣ ፖምፓው እንኳ ሲደክም ፖምፓ ቤት ተወስዶ ታድሶ ይመለሳል። እሱንም ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃ ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን መፍሰሻ በየጊዜው ከፍታችሁ የሚወርደውን በጠርሙስ ተቀበሉ። ውሃው ከሥር ይዘቅጣል፣ በዓይን ይለያል።

ለመለዋወጫ መርካቶ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ። አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዤ ነው የምሄደው፤ በአፍ ተነግሮ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሳይገጥም ይመለሳል። እዚያ «ኦርጅናል» ሁሉ ኦርጅናል አይደለም። ካርቶኑ ኦርጅናል ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። የኔ መመሪያ ቀላል ነው። ተበላሽቶ መንገድ ላይ የሚያቆመኝን ወይም ሌላ ዕቃ ይዞ የሚሞተውን ውድ ቢሆንም ኦርጅናል እገዛለሁ፦ ታይሚንግ ቺንጋ፣ የውሃ ፖምፓ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎማዎች። ፓራፋንጎ፣ መስታወት፣ የባሌስትራ ቡሽ ከሆነ ኮፒም ይበቃኛል። ቴስቲና (የፊት እግር መገጣጠሚያ) ላይ ኮፒ ሞክሬ ነበር፤ ኮረኮንች ላይ አልበረከተም። ፍሪሲዮን ሲቀየር ዲስክ፣ ፕላታና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየር፤ አንዱን ለማትረፍ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሁለቴ ማውረድ ያሳዝናል። ከነእጁ 5 ዘይት ቅያሪ ገደማ ነው።

የኔ ሃይሉክስ ተጭኖ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ወይም 12 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ጭነት የነዳጁን ወጪ ሩብ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ሚስቴ ናት የምትይዘው፤ እኔ ጋ ከሆነ አያድርም። ይህ ገንዘብ ዘይቱን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀይራል፣ የቦሎ ሰሞን ፍሬኑንና መብራቱን ያስተካክላል፣ ጎማም ሲያልቅ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይገዛል። አንዳንዱ ዓመት ይተርፋል። አንዳንዱ ዓመት ባሌስትራ ይሰበርና ባዶ ይሆናል።

ሞተሩ ጨርሶ ከሞተ ብዙ ሰው ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ይገጥማል። ከማሠራት ሊረክስ ይችላል። ግን የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። አዲሱ ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የግዢ ደረሰኝ ሳትይዙ ከገጠማችሁት፣ ለቦሎ ስትቀርቡ ወይም ስትሸጡት መንከራተት ይመጣል። ስትገዙም እንደዚሁ፤ ባትሪ ይዛችሁ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በብየዳ አካባቢ ያለ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ይርከስ፣ አትንኩት።

እኔ ጋ አሁን ተረኛው ካምቢዮው ነው። ከሦስት ወደ ሁለት ስቀንስ ይጮኻል። ጋሼ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው) ነው ብለውኛል። ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ 10 ዘይት ቅያሪ አካባቢ ይጠሩልኛል፤ የራሴን አስከፍቼ ያለቀውን ብቻ ብቀይር ግማሹን ቢፈጅ ነው። ያገለገለውን ማን እንደነዳው አላውቅም፣ የራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ የራሴን አስከፍታለሁ። የማስከፍተው ግን ክረምት ላይ ነው፤ የሽንኩርቱ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቢቆምም አይጎዳኝም። እስከዚያ የካምቢዮ ዘይቱን ቀይሬ፣ ሁለት ከማስገባቴ በፊት ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እየረገጥኩ እነዳለሁ።